ምስማሩ ላይ የቀረው ማተብ

ወንድሜም አባቴም ለሆንከው ለጋሼ አሰግድ፤ ይህ ወረቀት መንገድ ላይ ሳይቀር አሶሳ ድረስ ደርሶ ከእጅህ ይግባ።

ጋሼ፣ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ወገብህ እንዴት አደረገህ? ስትነሣ ስትቀመጥ ታቃስታለህ ብላ ሰብለ ነግራኝ ነበር፤ የላክሁልህ ቅባት ተስማማህ ወይስ እንደ ልማድህ መስኮት ላይ አስቀምጠኸው ነው? ሰብለስ ደህና ናት? ሮቤልና ሕይወት ትምህርታቸው እንዴት ነው? ጾሙንስ እንዴት ያዛችሁት? እኛ ለነፍሳችን ያህል አለን። ሙቀቱ እንደምታውቀው ነው፤ የካቲት ገና ሳያልቅ ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ ይንጣጣል። ባለቤቴ አየለ ማሽላው ከተወቃ ወዲህ ትንሽ አረፍ ብሏል። እማዬ ዓይኗ ደከመ እንጂ ጆሮዋ እንደ ድሮው ነው፤ እኛ የማንሰማውን ሁሉ ትሰማለች።

እስከ ዛሬ በስልክ እየተነጋገርን ዛሬ ምን ደብዳቤ አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ ቁጣህ ይቀድመኛል ጋሼ። ሁለት ቃል ሳልናገር «አሳጥሪው ብዙነሽ» ትለኛለህ፤ ይሄ ደግሞ የሚያጥር ነገር አይደለም። ወረቀት ላይ ግን ብትቆጣም እኔ አልሰማህም፤ እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ። ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ እጅ ነው የሚጽፈው፤ ፊደሉ ቢንጋደድ ታገሠኝ።

ታናሻችን ሀብታሙ ከቤት ከወጣ ዛሬ ሃያ አንድ ቀኑ ነው። ባለፈው ስትጠይቀኝ ጀውሃ ሥራ አግኝቶ ሄደ ያልኩህ ውሸቴን ነው። የት እንዳለ አላውቅም። ማተቡን ከአንገቱ ፈትቶ፣ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ ሁለቱንም በር አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ሰቅሎ ነው የሄደው። ማተቡን ስልህ የገባህ ይመስለኛል። እማዬ በአርባ ቀኑ ያሰረችለት ክር ከዚያ ወዲህ ስንቴ ታድሷል፤ ከአንገቱ ወርዶ ግን አያውቅም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ታስታውሳለህ መቼስ፣ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ አህያዋን ውሃ አጠጥቶ እንዲመጣ ልከነው ገመዱን ብቻ ይዞ የተመለሰ ዕለት። በር ላይ ቆሞ፣ «አህያዋስ?» ስንለው ከኛ እኩል ዞሮ ኋላውን አየ። ሳቅን። በኋላ ግን አንተ በዚያው ገመድ ገረፍከው፤ እኔም እሰይ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ስሙ «ልብ ግዛ» ሆነ። ልብ ግዛ እያልን ጠራነው፣ ልብ ግዛ እያልን መገብነው። አስተማሪው ልብ የለውም አለ፤ ጎረቤቱ ጫት ነው የሚያፈዝዘው አለ፤ አክስታችን ዛር ነው፣ ይመርመርለት አለች። ሌላው ደግሞ አባት ሳይኖረው እናቱ አሞላቀቀችው አለ። ጫት እንደሆነ በአፉ ዞሮ አያውቅም። እማዬም አንተን እንዳሳደገች ነው እሱንም ያሳደገችው።

ከሁሉ የሚያናድደን ደግሞ ያ የውሃ ሞተር ነገር ነበር። ቀወት ወረዳ ውስጥ ሞተር የተበላሸበት ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚጠራው። ሞተር ሥር ከገባ እህል ውሃ ሳይል ይውላል፤ ብትጠራው አይሰማህም። እኛም ይህን እያየን፣ «አየህ፣ ሲፈልግማ ይችላል፤ ለኛ ሲሆን ነው የሚረሳው» እንል ነበር። እኔ ራሴ ስንቴ እንዳልኩት ብቆጥር አልጨርሰውም። ቢወደን ኖሮ ይረሳ ነበር? እል ነበር ጋሼ፤ ፊት ለፊቱ።

ባለፈው ክረምት ማለቂያ ላይ ጸደንያ የምትባል ልጅ የውጪውን ክፍል ተከራየችን። ከሆሳዕና ተመድባ የመጣች የአእምሮ ጤና ነርስ ናት። ለስላሳ፣ ሰው አክባሪ ልጅ፤ እማዬ ከኛ ይልቅ እሷን ነው የምታምነው። ሁለት ወር ያህል ሀብታሙን ዝም ብላ አየችው። ከዚያ አንድ ቀን እኔ በሩን ከፍቶ ሄደ ብዬ ስሰድበው ሰማችና፣ «እትዬ ብዙነሽ፣ አንድ ነገር ብነግርሽ አትቀየሚኝም?» አለችኝ። ይህ ነገር ስም ያለው ነው አለች፤ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር፤ ሐኪሞቹ ኤዲኤችዲ ይሉታል። የልጆች ብቻ ነው ብለው ብዙ ሰዎች ይሳሳታሉ፣ ከልጅነት ይጀምርና ብዙውን ሰው እስከ ጉልምስናው ይከተለዋል አለችኝ። ስንፍናም ንቀትም እንዳይመስልሽ፣ የአስተዳደግም ጉድለት የመንፈስም ነገር አይደለም አለች። በእርግጥ እሱ መሆኑን ግን እኔ በዓይን አይቼ አልፈርድም፣ ስፔሻሊስት ይየው ብላ ደብረ ብርሃን ቀጠሮ አስያዘችለት። የሚረዳ መድኃኒትም ምክርም አለ አለችን።

እኔም «ውይ ልጄ፣ ሁላችንም እንረሳለን እኮ» አልኳት። ሳቅ ብላ ምን አለችኝ መሰለህ? «እትዬ፣ አንቺ ስትረሺ ሰው ይስቃል፤ እሱ ሲረሳ ሰው ይሰድበዋል፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በየቀኑ። ልዩነቱን ከዚያ ጀምሪው» አለችኝ። እኔ በገበሬ ጭንቅላቴ እንዲህ ነው የገባኝ፤ ውሃው ሞልቷል፤ የቦዩ አፍ ነው እሱ በፈለገው ሰዓት አልከፈት፣ አልደፈን የሚለው። ሞተር ሥር ሲሆን ተከፍቶ ይለቀዋል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ቢታገልም ጠብ አይልለትም።

ከዚያ እንዳስተማረችን አደረግን። አራት ነገር ባንዴ ማዘዝ ተውኩ፤ አንድ ብቻ እነግረዋለሁ፤ ሲጨርስ ሌላ። አካፋውን በሩ ላይ አጋድሜ አስቀምጣለሁ፣ ሳይሻገረው እንዳይወጣ። ሥራ ሲጀምር አጠገቡ ቆሜ እንጨዋወታለን፤ ከጀመረ በኋላ ራሱ ይሄዳል። ሲረሳ ያለፈውን አልቆጥርበትም፤ «ሀብትዬ፣ ያ ነገርስ?» ብቻ እለዋለሁ። የመስኖው ተራችን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ይከፈታል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ይደፈናል። ጸደንያ በነዚህ ቀኖች አሥራ አንድ ሲል እንዲጮኽ ስልኩን ሞላችለት። ጋሼ ሙት ብልህ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ተራ አልሳተም! ሰው ሆነ። ጢሙን መላጨት ጀመረ። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «ብዙዬ፣ ለካ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» አለኝ። እንጀራ እየቆረሰ፣ እንዲያው እንደዋዛ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም። ምነው ያን ጊዜ አቅፌው ቢሆን!

በጥር መጨረሻ መብራት ሦስት ቀን ጠፋ። የስልኩ ባትሪ አለቀ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ እኔ የሰው ለቅሶ ላይ ነኝ። ሀብታሙ ውሃውን ከፍቶ ሲመለስ የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ሞተር ቆሞባት አገኘና ሥሩ ገባ። ስልኩ አልጮኸም። ውሃው ከኛ ማሳ አልፎ የጋሽ አብዱልወሃብን ሽንኩርት ዋጠው። ለመነቀል ሳምንት የቀረው ሽንኩርት ነው። በማግስቱ ፀሐይ ሲያርፍበት ሽታው መንገድ ድረስ መጣ።

የቀረውን ከፊሉን አንተም በጆሮህ ሰምተሃል። እሑድ ሽማግሌዎቹ ከቦዩ ዳር ካለው ሾላ ሥር ተሰበሰቡ፤ አየለ አንተ ጋ ደውሎ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ያላየኸውን ልንገርህ። ጋሽ አብዱልወሃብ፣ የተጎዳው ሰውዬ፣ መጀመሪያ ተነሥቶ፣ «እኔ አፉ ብያለሁ። ሽንኩርት ነው፣ አላህ ይተካዋል። ይሄ ልጅ የኔን ሞተር ስንቴ ነው ያስነሣልኝ? ተዉት፣ ወደ ቤታችን እንግባ» አለ። ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። እኛ ነን እንቢ ያልነው ጋሼ፤ ወገኖቹ። አንተ ከስልኩ ውስጥ፣ «ስንት ዘመን ስንሸማቀቅ እንኖራለን? ሲፈልግ ይችላል! መምሬ ይገዝቱት፤ ግዝት ካልያዘው ምንም አይይዘው» አልክ። ሀብታሙ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ረስቼ ነው እንጂ ንቄ አይደለም» አለህ። «ሁላችንም እንረሳለን፤ የሰው ማሳ ግን አናጠፋም» አልከው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «እንግዲያው ግዝቱንም እንዳይረሳው ግንባሩ ላይ ጻፉለት» ብሎ ሰዉን አሳቀ። እኔም ሳቅሁ ጋሼ። በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ ሳቅሁ። ሀብታሙ አይቶኛል።

መምሬ ጌታሰው ቶሎ አልገዘቱም። መስቀላቸውን ይዘው ወደኔ ዞሩና፣ «የቤቱ ሰው የሚለው ነገር አለ?» ብለው ጠየቁ። ነበረኝ እኮ! ሁሉንም አውቅ ነበር። የቀጠሮው ወረቀት መቀነቴ ውስጥ ነበር። ግን የአእምሮ ሐኪም ቀጠሮ አለው ብል፣ ለካ እብድ ነው ይሉናል ብዬ ፈራሁ። ቤተሰቡ በሙሉ ይወራበታል ብዬ ፈራሁ። «የለም አባቴ» አልኩ። ከዚያ ገዘቱት፤ ዳግመኛ ተራህን ብትዘነጋ፣ ውሃ ክፍት ትተህ ብትሄድ ከአርዮስ ጋር ይቁጠርህ አሉት። አሜን አለ። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ አንተ ሰምተኸው እንደሆነ እንጃ።

ያደረግነውን አሁን አስበው። ዓይኑ የደከመን ሰው አጥርተህ ካላየህ የተወገዝክ ሁን ማለት ነው። እማዬን እንዲህ ያላት ቢኖር አንተ ምን ታደርገው ነበር?

ከዚያ ወዲያ ያየሁት ሰው ሀብታሙ አልነበረም። በተራው ቀን ከማለዳ ጀምሮ ቦዩ ዳር ይቀመጣል፤ ዘጠኝ ሰዓት የሚከፈተውን ውሃ ከማለዳ ይጠብቃል። ምሳ ብወስድለት፣ «ስበላ እረሳለሁ» ይለኛል። አልጋው ላይ ሲገላበጥ ይነጋበታል። ጸደንያ የሆነውን ስትሰማ አለቀሰች፤ «እንዲህ ሲጨነቅ እኮ ይብሳል እንጂ አይሻለውም» አለችኝ። ሦስት ተራ እንዲህ አለፈ። አራተኛው ሰኞ ነበር። ስልኩ ጮኸ፤ አካፋውን አነሣ፤ ልክ ሊደፍን ሲል የአንዲት አሮጊት አህያ ከነጭነቷ ቦዩ ውስጥ ወደቀች። አሮጊቷ ጮኸች። ሮጠ። ጭነቱን አወረደ፣ አህያዋን አነሣ፣ መልሶ ጫነ፣ ቤቷ ድረስ ሸኛት። ውሃው ግማሽ ሰዓት ያህል ክፍት ቆየ። መንገዱን ከማራስ በቀር አንዲት ቅጠል አልነካም። ማንም አላየው፤ ማንም አልጠየቀው። እሱ ግን ወደ ቤት ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል። «ብዙዬ፣ ረሳሁት» አለኝ። «ምንም አልጠፋም እኮ ሀብትዬ!» አልኩት። «እኔ ጠፋሁ» አለኝ። ውሃ ልቅዳለት ብዬ ጓዳ ገብቼ ስመለስ ምስማሩ ላይ የነገርኩህን አየሁ።

ጀውሃ ድረስ ሄድን። ማጀቴ ከተማ ድረስ ሰው ላክን። በባጃጅ የሚዞረው ጋሽ አብዱልወሃብ ነው፤ የራሱን ልጅ ያጣ ይመስል። ይህን ደብዳቤ ለአንተ መንገደኛ የሚያስይዝልኝ ሾፌሩ ቃሲም ከሁለት ሳምንት በፊት ሚሌ ላይ ጭነት ሲያወርድ አይቶታል። ከስቷል አለኝ። ወደ ቤት ግባ ሲለው፣ «እኔ የተገዘትኩ ሰው ነኝ፤ የገባሁበትን ቤት አስረግማለሁ» አለው። ጾሙ ሲገባ ቃሲም በድጋሚ ቢያልፍ የለም፤ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ አልተገኘም። ቃሲም ባገኘው ጊዜ አንድ መልእክት ብቻ ነው የላከልኝ፤ «ስልኩን ቻርጅ ታድርገው፤ ውሃው እንዳያልፋት» ብሎ። የደብረ ብርሃኑ ቀጠሮ ያለፈው ሐሙስ ነበር። ወረቀቱ እስካሁን መቀነቴ ውስጥ ነው፤ አውጥቼ የት እንደማስቀምጠው አላውቅም።

መምሬ ጌታሰው ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዘግይቶ ማወቅ ምን ያደርጋል። ራሳቸውን ይዘው፣ «ቸኮልኩ ልጄ» አሉ። ልጁ ከመጣ እፈታዋለሁ፤ ግን ያስገዘተው ወንድሙ ትቻለሁ የሚል ቃሉን በእጁ ጽፎ ይላክ፤ ልጁ በዓይኑ አይቶ ካላነበበው አያምነኝም አሉኝ። ጋሼ፣ የምለምንህ ይህን ነው። ጻፍልኝ። ቃሲም ከሚሌ እስከ ሎጊያ ለሚያውቃቸው ሾፌሮች ሁሉ ፎቶ እያነሣ ይበትነዋል። ስትጽፍ ደግሞ በሞቴ፣ «ግን» የምትባለውን ቃል አታስገባበት። «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ግን ልብ ግዛ» እንዳትለው። በርታ፣ ቆፍጠን በል፣ እንደ ሰው ሁን አትበለው። ሲበረታ ነው የኖረው፤ እኛ ነን ያላየነው። «ንቄ አይደለም» ያልከኝን አምኜሃለሁ በለው። እሱን ብቻ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ብትጽፍም የሚደርሰው አይመስለኝም። ተስፋዬ ተሟጥጧል። ጸደንያ እንዲህ አትበይ ትለኛለች፤ እሷ ልጅ ናት። እኔ ግን የሳቅሁ ዕለት ያየኝን ዓይኑን አውቀዋለሁ። ብቻ ጻፍ። የተጻፈ ነገር ቢያንስ ቤት ውስጥ ይኑር፤ ከማተቡ ጋር ምስማሩ ላይ እሰቅለዋለሁ።

ስልኩን እንዳለኝ ቻርጅ አደርገዋለሁ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ይጮኻል። ለእማዬ ሀብታሙ ጀውሃ እንዳለ ነግረናታል፤ ስልኩ ሲጮኽ ግን ሁሉም ይጠፋባትና ከመደቧ ሆና፣ «ሀብታሙ፣ ተነሣ ውሃው!» ትላለች። እኔም «ሄዷል እማዬ፣ ሊደፍን ሄዷል» እላታለሁ። ከዚያ አካፋውን ይዤ እወጣለሁ።

በል ጋሼ፣ ሰብለን ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ በስልክ ስለዋሸኋት እንድታዝንልኝ እንጂ እንዳትቀየመኝ ንገራት። ሕይወትን አክስትሽ ናፍቃሻለች በልልኝ። ሮቤል ደብተሩን በየቦታው ይጥላል፣ ወንበር ላይ አይረጋም ያልከኝን አልረሳሁትም፤ እሱን ከሁሉ አብልጠህ ሳምልኝ፤ በዚያ ነገር እጅህን እንዳታነሣበት፣ ሐኪም ዘንድ ውሰደው። አየለ ወገቡ ይሻለው ብሏል። ጸደንያ ሳታውቅህ ታከብርሃለች። ጋሽ አብዱልወሃብም ሰላም በይልኝ፣ በኔ በኩል ምንም የለም ብሎሃል። እማዬ ሁላችሁንም በየስማችሁ ጠርታ መርቃለች፤ ሀብታሙንም ከእናንተ ጋር ቆጥራ።

ሌላም ልጽፍልህ ነበር፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፣ ስልኩ እየጮኸ ነው። እማዬም መጣራት ጀምራለች። ሄጄ ልድፈን።

እህትህ ብዙነሽ
ሸዋ ሮቢት፣ ሰኞ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.